የብዙነሽ በቀለን ድምፅ ከሸክላና ከካሴት አድኖ መዘከር፦ ለሰሜን ሸዋ ሙዚቃ ወዳጆች የተግባር መመሪያ

ዝክር ሲታሰብ ቶሎ የሚመጣው አዳራሽ፣ ባነርና ከዩቲዩብ የወረዱ ዘፈኖች ናቸው። ከኢንተርኔት የሚገኘው የ1960ዎቹ ዘፈን ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ ቅጂ ነው፤ መግቢያው ተቆርጧል፣ ፍጥነቱ ተዛብቷል፣ ቤዝ ጊታሩ ከትራምፔቶቹ ሥር ጠፍቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸክላውና ካሴቱ ይፈለግ፣ ይጽዳ፣ በትክክለኛ ፍጥነት ይቀዳ፣ የሠሩት ሰዎች ስም ይመዝገብ። አዳራሹ ከዚያ በኋላ ይያዝ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዝግጅቱ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ሸክላው እዚያው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ይቀራል።

ብዙነሽ በቀለን እዚህ የመረጥናት በቂ ምክንያት ስላለ ነው። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ እነ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በነበሩበት ዘመን የዘፈነች፣ የአሜሪካኖቹን ሪትም ኤንድ ብሉዝና ሶል ከእኛው ቅኝት ጋር ካዋሃዱት ታላላቅ ድምፆች አንዷ ናት። ሆኖም የዚያን ዘመን ሸክላዎች ለዓለም ባስተዋወቀውና ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ላይ በወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም ለጥላሁን፣ ለማሕሙድና ለዓለማየሁ እሸቴ የየራሳቸው ቅጽ ሲወጣላቸው፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቅጾች ውስጥ ለብዙነሽ ብቻ የተሰጠ የለም። እንዲህ ያለው ድምፅ የሚገኘው በሰው ቤት ተበታትኖ ነው። ለሂሩት በቀለም ሆነ ለሌላ ድምፃዊ ብትነሱ ሥራው ያው ነው።

ሸክላው የት ይገኛል?

የጊዜውን ታሪክ ማወቅ ፍለጋውን ያሳጥራል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ስለነበር ለግል አሳታሚ በሩ ዝግ ነበር። አምሃ እሸቴ ይህን ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. አካባቢ አምሃ ሬኮርድስን ጀመረ፤ ፊሊፕስም አሳተመ፣ የዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅትም ተከተለ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ የሰዓት እላፊው የማታውን መድረክ ዘጋው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ካሴት ሸክላውን ተካው። ባለ 45 ዙር ትንንሹ ሸክላ በብዛት የወጣው እንግዲህ አሥር ዓመት በማትሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ደመወዝ የነበረው ሰው ዛሬ 70 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የምትፈልጉት እሱን ነው።

በሰሜን ሸዋ ከጡረተኛ መምህራን፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የቀድሞ ሠራተኞች፣ ከቀድሞ ወታደሮችና ከረጅም መንገድ ሾፌሮች ጀምሩ። ቀጥሎ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያሉ የቆዩ ቡና ቤቶች ይምጡ፦ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ። ባለቤቱ ተለውጦም ቢሆን የድሮው ዕቃ ጓዳ ውስጥ ይኖራል።

«የብዙነሽ ሸክላ አለዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱ «ኧረ የለኝም» ነው። «ጋሼ፣ የተበላሸ የሸክላ ማጫወቻ አለዎት?» ወይም «እትዬ፣ የድሮ ካሴት የተቀመጠበት ካርቶን ይኖር ይሆን?» በሉ። ማጫወቻው ባለበት ቤት ሸክላው ሩቅ አይሆንም። ሁሉንም ካዩ በኋላ መምረጥ ይሻላል፤ የአንዱ ሸክላ በሌላው ሽፋን ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ሸክላ ስትዋሱ በሁለት ቅጂ ደረሰኝ ጻፉ፦ የባለቤቱ ስም፣ ስንት ሸክላ፣ እያንዳንዱ ላይ የሚታይ ጉዳት፣ የሚመለስበት ቀን። ስትመልሱ የተቀዳውን በፍላሽ ጨምራችሁ ስጡ። ከቤቴ አይወጣም የሚል ካለ ማጫወቻውንና ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ሸክላ ሁለቱንም ፊት ለመቅዳት ከነጽዳቱ ግማሽ ቀን መድቡለት። ለመግዛት ከሆነ ደግሞ እውነቱን ንገሯቸው፦ እነዚህን ሸክላዎች የውጭ አገር ሰብሳቢዎች በውድ ይፈልጓቸዋል። አንዲት እናት በመቶ ብር ሸጣላችሁ ዋጋውን በኋላ ብትሰማ፣ ከዚያ ሰፈር ሌላ ሸክላ አይወጣላችሁም።

ብርድ፣ ሙቀትና የኩበት ጭስ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከዚያ ግማሽ በታች። ሁለቱ ቦታዎች ሸክላን በተለያየ መንገድ ይጎዳሉ። ሮቢት ላይ መኪና ውስጥ የተተወ ሸክላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጣመማል። የተጣመመውን በካውያ ወይም በጋለ ነገር ለማቃናት አትሞክሩ፤ መስመሩ ይቀልጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን ብርድ ቤት ያደረ ሸክላ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል፤ ከሽፋኑ ሳታወጡ ሁለት ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ክፈቱት።

የገጠር ቤት ሸክላ ላይ አቧራ ብቻ አይደለም ያለው። የኩበትና የእንጨት ጭስ ቅባት ያለው ስስ ሽፋን ይተዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ጥቀርሻው ወደ መስመሩ ውስጥ ይገባል። አንድ ሸክላ ከመብራት ሥር አዘንብላችሁ ስታዩት ጥቁሩ ገጽ ቡናማ ወይም ቀስተ ደመና የሚመስል ጥላ ካሳየ ያ ጭስ ነው። ጭረት ከሆነ በጥፍር ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ይሰማል፤ የማይሰማ ጭረት ብዙ ጊዜ ድምፁ ላይ አይወጣም።

ለማጽዳት አንድ ሊትር ዲስትልድ ውሃ፣ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከ3 እስከ 4 ጠብታ፣ ሁለት የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ በቂ ነው። ዲስትልድ ውሃ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ ጨው ይተውና መርፌው ያንን ጨው ያነበዋል። ጨርቁን አርጥባችሁ መስመሩን ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አትሳቡ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ በአንድ እጅ ሸፍኑት፤ ቀለሙ ከለቀቀ የአሳታሚው ቁጥር አብሮ ይሄዳል። በሁለተኛው ጨርቅ ሳሙና በሌለበት ዲስትልድ ውሃ አለቅልቁ፣ በዕቃ ማድረቂያ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ፀሐይም ከሰልም አያስፈልገውም። አልኮል፣ ሳኒታይዘር፣ ነጭ ጋዝና በረኪና ከዚህ ሥራ ይራቁ፤ በተለይ በ78 ዙር የሚዞረውን የጥንቱን ከባድ ሸክላ አልኮል ያሟሟዋል።

የማጫወቻው ፍጥነት፦ ብዙ ቅጂ የሚበላሽበት ቦታ

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማጫወቻ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን በ60 ኸርዝ መብራት (በሰከንድ 60 ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ) እንዲዞር የተሠራ ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ይዘገያል። 220ን ወደ 110 የሚለውጠው ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ውጤቱ የብዙነሽ ድምፅ ከብዶ የወንድ መምሰሉ ነው፤ ሰሚውም «ድሮ እንዲህ ነበር» ብሎ ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ቅጂ አንዴ ከተሰራጨ ማረም አይቻልም።

ፈተናው ቀላል ነው። በሸክላው ሽፋን ላይ ሳይሆን ሸክላው በሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ መራጩን 45 ላይ አድርጉ፣ በስልክ ሰዓት 60 ሰከንድ ያዙና ዙሩን ቁጠሩ። 45 ከሆነ ደህና ነው። 37 ወይም 38 ከመጣ ማጫወቻው የ60 ኸርዝ ነው፤ በሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ በ50 ኸርዝ ፑሊ ማስቀየር ወይም በአዳፕተር የሚሠራ ዲሲ ሞተር ያለውን መፈለግ ግድ ነው። 43 ወይም 44 ከመጣ ቺንጋው ላልቷል። በጄኔሬተር አትቅዱ፤ ፍጥነቱን ሊያዋዥቀው ይችላል። መብራት የሚረጋበትን ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳን፣ ምረጡ።

ቀጥሎ መርፌው ነው። ከድሮው ማጫወቻ ጋር የመጣው መርፌ የስንት ዓመት እንደሆነ ካልታወቀ አውጡትና አዲስ ግዙ፤ ያለቀ መርፌ ሸክላውን እያረሰ ነው የሚሄደው። ክብደቱን በወርቅ ሚዛን ለኩ። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ማግኔት ካርትሪጆች (መርፌውን የሚይዙት ክፍሎች) ከ1.5 እስከ 3.5 ግራም ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር በካርትሪጁ ወረቀት ላይ አለ። «ሸክላው እንዳይዘል» ብሎ በክንዱ ላይ ሳንቲም መለጠፍ የድሮ ልማድ ነው፤ ተዉት። በጣም ቀላል ማድረግም እኩል ይጎዳል፤ መርፌው እየዘለለ መስመሩን ይቆርሳል። ሰፊ ቀዳዳ ላለው ባለ 45 ሸክላ የመሐል ማስገቢያ ያስፈልጋል፤ በግምት መሐል ላይ የተቀመጠ ሸክላ ድምፁን ያወዛውዘዋል።

ከማጫወቻው እስከ ኮምፒውተሩ ባለው መንገድ አንድ ፎኖ ፕሪአምፕ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላና የሚያስተካክል ዕቃ) ብቻ ይኑር። ከሌለ ድምፁ ቀጭንና የተነፈሰበት ይሆናል። በማጫወቻው ውስጥ አንድ፣ በአምፕሊፋየሩ ሌላ ካለ ቤዙ ያጉረመርማል፤ ከማጫወቻው ጀርባ ያለውን ማብሪያ «ላይን» ወይም «ፎኖ» ከሚሉት አንዱ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

መቅዳት

ነጻ የሆነው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ኦዳሲቲ በቂ ነው። ለሸክላ 96 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ፣ የፋይሉ ዓይነት ዋቭ ይሁን። አንድ ደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ የአራት ደቂቃ ፊት 140 ሜጋባይት ይሆናል። የዘፈኑን በጣም ኃይለኛ ቦታ አጫውታችሁ (ብዙ ጊዜ ትራምፔቶቹ አብረው የሚነፉበት ነው) መጠኑ ከአሉታዊ 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አስተካክሉ። አንዴ አናቱ የተቆረጠ ድምፅ በምንም ፕሮግራም አይመለስም። መርፌው ከመውረዱ በፊት ጀምሩ፣ ከተነሳ በኋላ አቁሙ፤ በባዶው መስመር ላይ ያለው ሽርሽርታ በኋላ ለማስተካከል ይጠቅማል።

ይህ የመጀመሪያው ፋይል አይነካም። የምታጸዱት ግልባጩን ነው። ጠቅ የሚሉትን አንድ በአንድ በእጅ ጠግኑ፤ የኦዳሲቲ መጠገኛ በአንድ ጊዜ እስከ 128 ናሙና ይቀበላል፣ ለአንድ ጠቅታ ይበቃል። ሙሉውን ዘፈን በጫጫታ መቀነሻ ማጠብ ግን ሲምባሉንና የድምፃዊቷን ትንፋሽ ይወስዳል፤ ድምፁ ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ ይሆናል። ጥቂት ሽርሽርታ ያለው ሕያው ድምፅ ከታጠበ ድምፅ ይበልጣል። ሸክላው ሞኖ ከሆነ በስቴሪዮ ቅዱና ግራውንና ቀኙን ለየብቻ አዳምጡ፤ አንደኛው ጎን ያነሰ የተበላ ከሆነ እሱን ብቻ ውሰዱ።

ካሴት የራሱ ጠባይ አለው። ከማጫወታችሁ በፊት መስኮቱን እዩ፦ ከቴፑ ጀርባ በቀጭን መዳብ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስፖንጅ ትኖራለች። ስፖንጇ ወድቃ ከሆነ ቴፑ ሄዱን (ድምፁን ከቴፑ ላይ የሚያነበውን የማጫወቻውን ክፍል) አይነካም፣ ድምፁም የታፈነ ይሆናል። በካቻቢቴ የሚከፈት ባዶ ካሴት ፈልጉና ሁለቱን ጥቅልሎች ወደዚያ አዛውሩ፤ በሙጫ የተዘጋውን ካሴት በቢላ ስትከፍቱ ቴፑን እንዳትቆርጡ ጠርዝ ጠርዙን ሂዱ። የላይኛውን ሁለት ፕላስቲክ ጥርስ ስበሩ፣ በስህተት እንዳይደመሰስ። ቴፑን አንዴ እስከ መጨረሻ፣ አንዴ እስከ መጀመሪያ አጠንጥኑ፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል። ሄዱንና ጎማውን በጥጥ፣ ለሄዱ 90 በመቶ በሆነ አልኮል፣ ለጎማው በሳሙና ውሃ አጽዱ።

ከዚያ ሰው የሚረሳት ትንሽ ብሎን ትመጣለች። ከሄዱ ጎን ያለችው ናት፤ የሄዱን ዘንበል የምትቆጣጠር። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሪኮርደርና የእናንተው ዘንበላቸው ስለሚለያይ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምፆች ይደበዝዛሉ። እያጫወታችሁ ብሎኗን ከሩብ ዙር ባልበለጠ ወዲያና ወዲህ አዙሩ፤ ሲምባሉ በጣም የጠራበት ላይ አቁሙ። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና መደረግ አለበት። ለካሴት 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ይበቃል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል።

የስም መዝገብ

ለእያንዳንዱ ሸክላ የወረቀቱን ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ቃል በቃል ጻፉ፦ የአሳታሚው ስምና ቁጥር፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ ባንድ፣ የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አታርሙ፤ እንደተጻፈው አስፍሩና ትክክለኛውን የአማርኛ አጻጻፍ ጎን አድርጉ። መርፌው በሚያልቅበት ባዶ ቦታ ላይ የተቧጠጠ ቁጥር አለ፤ እሱንም በስልክ መብራት አዘንብላችሁ አንብቡ። ወረቀቱ ቢቀደድ ሸክላውን የሚለየው እሱ ነው። ዘመኑን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይሉ ቁጥር ብቻ አታስቀምጡ፤ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ብዙ ዝርዝር አበላሽቷል።

ግጥሙን ሦስት ሰው ለየብቻ ሰምቶ ይጻፍ፣ ከዚያ ይመሳከር። ያልተስማማችሁበትን ቃል ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ተዉት፤ በግምት የተሞላ ቃል ከዓመት በኋላ እውነት ይሆናል። ሸዋ ውስጥ የቆዩ ቃላትን የሚያውቁ አዛውንት ስላሉ ነጠብጣቡን ይዛችሁ ወደ እነሱ ሂዱ።

ፈቃድ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 በሥራ ላይ ናቸው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹ ይይዙታል። ለሕዝብ ማሰማት፣ ማባዛትና ኢንተርኔት ላይ መጫን የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ባለመብት ሲባልም ድምፃዊቷ ብቻ ሳትሆን የግጥምና የዜማ ደራሲውም ነው። ደብዳቤውን ከዝግጅቱ ሁለት ወር በፊት ላኩ፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር አያይዙ። ፈቃድ ያልተገኘለትን ዘፈን ከዝርዝሩ አውጡት።

የማዳመጫው ቀን

ቀኑን በጾም ቀን መቁጠሪያ ምረጡ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የዘፈን ዝግጅት የሚመጣ ሰው አያገኝም፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስፒከሩን ይውጠዋል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ወይም ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይመቻል። ጥር ላይ ሰርግ ስለሚበዛ ቅዳሜና እሑድን ቀድማችሁ ጠይቁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ማታ ላይ ሰው ስለማያስቀምጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩ፤ ከጫጫና ከደብረ ሲና የመጡትም ሳይመሽ ይመለሳሉ።

ዋናው ሸክላ አዳራሽ ውስጥ አይጫወትም፤ ለማየት ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ድምፁ ከላፕቶፕ ይምጣ፤ መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ አምፕሊፋየሩን ግን ውጭ፣ ከመስኮት የራቀ 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር ያስነሳዋል። ለ60 ሰው ባለ 12 ኢንች ሁለት ስፒከሮች ይበቃሉ፤ መሬት ላይ አታስቀምጧቸው፣ በማቆሚያ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጉ። የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፁን ስለሚያስተጋባ ከኋላ በኩል አራት አምስት ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ይህ ከተማ ብርድ ልብስ አይቸገርም። ዘፈኖቹን አሥራ ሁለት አካባቢ ላይ ገድቧቸው፤ አርባ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ ከንግግሩ ጋር ሁለት ሰዓት ይሞላል።

ከዝግጅቱ ሁሉ ብልጫ ያለውና ጥቂት ሰው የሚሠራው አንድ ነገር አለ። አንድ የመንዝ ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዙ። ዘፈኑ በትዝታ ቅኝት ከሆነ ትዝታን፣ በባቲ ከሆነ ባቲን አንድ ደቂቃ ይጫወት፤ ከዚያ ወዲያው የብዙነሽን ዘፈን ክፈቱ። ወጣቱ ያንኑ ቅኝት በሳክስፎንና በትራምፔት ሲሰማ፣ ምኑ ከዚህ ምኑ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ዘፈኑ ሙሉውን ካለቀ በኋላ 20 ሰከንድ ያህሉን መልሱና «አሁን ቤዙን ብቻ ተከተሉ» በሉ። ከዚያ የተጫዋቾቹን ስም ከመዝገቡ አንብቡ፤ በመዝገቡ ላይ ያልተገኘ ስም ካለ ሰሚውን ጠይቁ፣ ከአዛውንቱ አንዱ ያውቀው ይሆናል።

በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ የደረሰኝ ደብተር፣ እስክሪብቶና ንጹህ የወረቀት ከረጢቶች አዘጋጁ። ከዝግጅቱ የሚወጣ ሰው «እኔም ቤት አንድ ካርቶን አለ» ማለቱ አይቀርም፤ ስሙን፣ ቀበሌውንና መቼ እንደምትመጡ እዚያው ጻፉ፣ ሳምንት ሳይሞላም ሂዱ።